እልህ ካሳ አያስከፍልም፦ ጅማ ላይ ለነጋዴዎች ያደረግኩት ንግግር

ባለፈው እሁድ ጅማ ላይ ለነጋዴዎች፣ ለቡና አቅራቢዎችና ለሥራ ተቋራጮች ያደረግኩት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ ነው የተጻፈው፣ ብዙም አልነካካሁትም። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እነሆ።

እንደምን አረፈዳችሁ! አካም ጅርቱ! አሰላሙ አለይኩም! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የእሁድ እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላህም እግዚአብሔርም ያክብርልኝ። ከሰቃ፣ ከማና፣ ከአጋሮ ድረስ የመጣችሁም እንዳላችሁ ነግረውኛል፣ በዚ ዝናብ መንገዱ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁና በጣም ነው የማመሰግነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት እስቲ እጅ አውጡልኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ውል የፈረሰበት ሰው አለ? ዕቃ አቀርባለሁ ብሎ የቀረ፣ መኪና እልካለሁ ብሎ ያልላከ፣ ቤት ተከራይቶ ሳይጨርስ የወጣ፣ ምንም ይሁን። አያችሁ፣ አዳራሹ ግማሽ በግማሽ እጁን አወጣ። እሺ፣ አታውርዱ፣ ቆዩልኝ። አሁን ደግሞ ውሉ በፈረሰ በሳምንቱ ውስጥ ጉዳቱ እንዳይሰፋ አንድ ነገር ያደረገ፣ ሌላ ሻጭ የፈለገ፣ ሌላ ተከራይ ያስገባ፣ ሌላ መኪና ያቆመ እጁን እንዳነሳ ይቆይ፣ ሌላው ያውርድ።

አያችሁ? አያችሁ ስንት እጅ ወረደ? እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለወረዱት እጆች ነው። ጠበቃ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰው ውል ፈርሶበት፣ እውነቱ ከሱ ጋር ሆኖ፣ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ ረትቶ፣ ግን ከጠየቀው ሩቡን እንኳ ሳያገኝ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ረትቶ እያለቀሰ የሚወጣ ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ካሳ ምንድነው፣ ምን ያህልስ ይከፈላል የሚለውን። ሁለተኛ ውል የፈረሰበት ሰው ራሱ ምን ግዴታ አለበት የሚለውን፣ እሱ ላይ ነው ብዙ የምቆየው። ሦስተኛውን ቶሎ ነው የማልፈው፣ በእጃችሁ ምን መያዝ አለባችሁ የሚል ነው።

እሺ፣ ካሳ። ብዙ ሰው ቢሮዬ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ "አስቀጣልኝ" ነው። ይገባኛል፣ የተበደለ ሰው ይናደዳል። ግን የውል ካሳ ቅጣት አደለም። ካሳ ማለት ውሉ ቢፈጸም ኖሮ ትደርስበት የነበረው ቦታ ላይ በገንዘብ መልሶ ማቆም ነው፣ ከዛ በላይም አደለም ከዛ በታችም አደለም። ሕጋችን ማለት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 የወጣው፣ ረቂቁን ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ምሁር ያዘጋጁት፣ ከመስከረም 1953 ጀምሮ እስካሁን የውል ጉዳያችንን የምንዳኝበት እሱ ነው። አንቀጽ 1771 ላይ ውል ያልተፈጸመለት ሰው ወይ ይፈጸምልኝ ወይ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል፣ ከዚያ በተጨማሪ የደረሰበትን ጉዳት ኪሣራ መጠየቅ ይችላል ይላል። ሕጉ "ኪሣራ" ነው የሚለው፣ እኛ በአፋችን "ካሳ" እንላለን፣ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። "እኔ እኮ አላጠፋሁም" የሚለው መከላከያ ለውል አይሠራም። አንቀጽ 1791 በግልጽ አስቀምጦታል፣ ጥፋት ባይኖርብህም ውሉን ካልፈጸምክ ትከፍላለህ፣ የሚያድንህ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ብቻ ነው። ሾፌሬ ጠፋብኝ፣ ሠራተኛዬ ከዳኝ፣ ገንዘብ አጠረኝ፣ እነዚ አያድኑም። ከአቅም በላይ የሚባለው ልትገምተው የማትችለው ሆኖ፣ ከናካቴው እንዳትፈጽም ያደረገህ ነገር ነው፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ፣ ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ እንደዚህ ያሉትን ነው አንቀጽ 1793 የሚዘረዝረው።

ዋጋ ጨመረብኝስ? እህ፣ ይሄ ነው የዛሬ ጊዜ ጥያቄ! ሲሚንቶ ጨመረ፣ ብረት ጨመረ፣ ነዳጅ ጨመረ፣ ስለዚ ውሉን ትቼዋለሁ የሚል ሰው በዝቷል። አንቀጽ 1794ን አንብቡት፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ወይም መቀነስ ከአቅም በላይ አደለም ብሎ በስሙ ጠርቶ ነው የጻፈው። ተቋራጮች ይሄ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፣ ስትዋዋሉ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ አስገቡ የምለው ለዚህ ነው፣ ከተፈረመ በኋላ ግን "ገበያው ነው" ማለት መልስ አይሆንም።

ስንት ነው የሚከፈለው? አንቀጽ 1799 የሚለው፣ ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ ሊደርስ የሚችለውን፣ አእምሮ ያለው ሰው አይቶ "አዎ፣ ይሄማ ይደርሳል" የሚለውን ጉዳት ነው። ያንተ ጉዳት ከዛ የበለጠ ከሆነና ልዩ ሁኔታ ካለህ፣ 1801 የሚለው ስትዋዋሉ ለሌላው ወገን ነግረኸው ነበር ወይ ነው። አውቆ ሊጎዳህ ብሎ ያደረገው ወይም ከባድ ቸልተኝነት ሲሆን ሌላ ነው።

እዚህ ውስጥ የወፍጮ ባለቤቶች አላችሁ አይደል? ይሄን ስሙኝ። በዓለም ላይ ሕግ የሚማር ሰው ሁሉ የሚማረው የወፍጮ ታሪክ አለ። እንግሊዝ አገር ግሎስተር የሚባል ከተማ፣ ወፍጮው ዘንጉ ይሰበራል። ባለቤቶቹ የተሰበረውን ዘንግ ግሪንዊች ላለ ፋብሪካ፣ በሱ ልክ አዲስ እንዲሠራላቸው፣ በአጓጓዥ ይልካሉ። አጓጓዡ በቸልተኝነት ቀናት ያዘገየዋል፣ ወፍጮው ቆሞ ይከርማል። ባለቤቶቹ ወፍጯችን በቆመባቸው ቀናት ያጣነው ትርፍ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። በ1854 በፈረንጅ አቆጣጠር ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ያንን ትርፍ አታገኙም አለ። ለምን፣ አጓጓዡ ይሄ ዘንግ ካልደረሰ ወፍጮው ሙሉ በሙሉ እንደሚቆም የሚያውቅበት ሁኔታ አልነበረም፣ ሌላ ትርፍ ዘንግ ሊኖራቸው ይችላል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የኛ 1801ም ሐሳቡ እዚያው ነው። ስለዚ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ስታስመጡ፣ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ "ወንድሜ ይሄ ካልደረሰ ወፍጮዬ ይቆማል፣ በቀን ይሄን ያህል አጣለሁ" ብላችሁ ጻፉለት። አንድ መስመር በቂ ነው። አንድ መስመር!

ቀብድን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በዛው ልንካው። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፣ አንቀጽ 1885 ነው። በቃ። "ቀብዱን መለስኩልህ፣ ተወኝ" የሚለው አይበቃም፣ እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ዋናው ልግባ። ይሄን ከአባቴ ታሪክ ነው የምጀምረው።

ልጅ ሆኜ ነው፣ አጋሮ አካባቢ ነው ያደግኩት። አባቴ ቡና ነበረው፣ ብዙ አደለም፣ ግን ቤታችን የሚኖረው በሱ ነበር። አንድ ዓመት ላይ ከአንድ የቡና መፈልፈያ ባለቤት ጋር ቀዩን እሸት ቡና ሊሸጥለት ተዋዋለ፣ በፈረሱላ ይሄን ያህል፣ በዚህ ቀን መኪና ልኬ እወስዳለሁ ተባባሉ፣ ሽማግሌም ነበረበት። ቀኑ ደረሰ፣ ለቃሚ ተቀጥሮ ተለቀመ፣ ግቢያችን ውስጥ ቀይ ቡና ተከመረ። መኪናው አልመጣም። ማታ ሰው ተላከ፣ ሰውየው ከሌላ በርካሽ አግኝቷል፣ አልፈልግም አለ።

እናንተ ቡና ታውቃላችሁ፣ እሸት ቡና ተከምሮ ሲያድር ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግርም። ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ይሻግታል። ጎረቤታችን የማስጫ አልጋው ባዶ ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት መጥቶ "አልጋዬ ላይ አስጣው፣ ጀንፈል ሆኖ ይሸጥልሃል፣ የወረደውን ዋጋ ከሰውየው ትጠይቃለህ" አለው። አባቴ እምቢ አለ። "ውል አለኝ፣ ቡናው የሱ ነው፣ መጥቶ ይውሰድ፣ አልነካውም" አለ። እናቴ ለመነችው፣ አልሰማም። አራት ቀን ግቢ ውስጥ ተከምሮ ቆየ። አራት ቀን! ሽታው አሁን ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በአምስተኛው ቀን አካፋ ይዘን ጣልነው።

ከዛ ሽምግልና ተቀመጡ። አባቴ ሙሉውን ዋጋ ጠየቀ። እውነቱ ከሱ ጋር ነው፣ ማንም አልካደውም። አንድ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ "የጎረቤትህ አልጋ ባዶ ነበር ወይ?" አባቴ መልስ አልነበረውም። ግማሹን ተፈረደለት። አባቴ እስኪሞት ድረስ የተበደለ መስሎት ነው የኖረው፣ እኔም በሱ ልክ ተቆጥቼ ነው ያደግኩት፣ ያ ሽማግሌ አዳልቷል ብዬ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ስማር፣ የውል ሕግ ትምህርት ላይ፣ አንድ ማታ ላይብረሪ ተቀምጬ አንቀጽ 1802 ላይ ደረስኩ። ውል አልተፈጸመልኝም የሚለው ወገን፣ ብዙ የማያስቸግረውንና ብዙ ወጪ የማያስወጣውን ርምጃ ሁሉ ወስዶ ጉዳቱን መቀነስ አለበት ይላል። ይህን ካላደረገ ውሉን ያፈረሰው ሰው ካሳው ይቀነስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል ይላል። መጽሐፉን ከደንኩት። የጎረቤትህ አልጋ ባዶ ነበር ወይ? ያ ሽማግሌ ፍትሐ ብሔር አላነበበም፣ ግን የጠየቀው ጥያቄ 1802 ራሱ ነው።

ገባችሁ? ሕጉ የሚለው "የተበደልከው አንተ ነህ፣ ልክ ነህ፣ ግን ከተበደልክ በኋላ ያለው ጊዜ ያንተ ነው" ነው። የበዳይ ጥፋት ያመጣውን ጉዳት በዳይ ይከፍላል። የኛ እልህ የጨመረበትን ግን ማንም አይከፍለንም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? የዋጥነውን ምላጭ በዳይ ያውጣልን ማለት አንችልም።

አንድ ሌላ ጉዳይ ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። እዚሁ ከተማ ሱቅ ያከራዩ አንዲት እናት ነበሩ፣ ውሉ የአንድ ዓመት ነው፣ ተከራዩ በአራተኛው ወር ዕቃውን ጭኖ ቁልፍ ወርውሮ ሄደ። ስምንት ወር ይቀራል። እሳቸው ሱቁን ቆለፉት። "ይክፈል፣ ውል አለኝ" ብለው። ሱቁ ዋና መንገድ ላይ ነው፣ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ "ይከራያል ወይ?" ይላቸዋል፣ "ተከራይቷል" ይላሉ። ስምንት ወር ሙሉ ተቆልፎ ቆየ። ከዛ የስምንት ወር ኪራይ ይዘው እኔ ጋ መጡ። እኔ እውነቱን ነገርኳቸው፣ "እትዬ፣ ይሄ ያስቸግረናል" አልኳቸው። ሌላው ወገን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ሊከራዩ መጥተው የተመለሱትን ሁለት ነጋዴዎች ምስክር አቀረበ። የተፈረደልን ሁለት ወር ነው፣ ሌላ ተከራይ ለማግኘት ይበቃል የተባለው ጊዜ። ስድስት ወር የሳቸው ኪሳራ ሆኖ ቀረ። እሳቸው አሁንም ሱቁን አልፈው ሲሄዱ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ልብ በሉ፣ ምስክር ያመጣው ያፈረሰው ወገን ነው። ይቀነስልኝ የሚለው እሱ ስለሆነ፣ መቀነስ ትችል ነበር ብሎ ማሳየትም የሱ ሥራ ነው። ግን እሱ ማሳየት እንዲችል እድል የምንሰጠው እኛ ነን።

አሁን በቁጥር እንየው፣ ለነጋዴ ቁጥር ይሻላል። ለስሌት እንዲመቸን ነው እንጂ የዛሬን ገበያ አደለም የምናገረው። 100 ኩንታል በቆሎ በኩንታል 4,000 ብር ልትገዛ ተዋዋልክ። ቀኑ ደረሰ፣ ሻጩ ቀረ። የዛን ቀን ገበያ ላይ ኩንታሉ 4,500 ነው። ያን ሰሞን ከሌላ ብትገዛ በኩንታል 500 ብር ጨመርክ ማለት ነው፣ በመቶ ኩንታል 50,000 ብር። ይሄ ጉዳትህ ነው፣ የትራንስፖርትና የመሯሯጫ ወጪህን ጨምረህ ትጠይቀዋለህ። አንተ ግን ተናደህ ተቀመጥክ። ሦስት ወር ተቀመጥክ። በቆሎው 6,000 ገባ። አሁን 200,000 ብር ነው ጉዳቴ ትላለህ። ሻጩ የሚከፍለው የትኛውን ይመስላችኋል? ሃምሳውን ነው! 150,000ው የተቀመጥክበት ዋጋ ነው። ይሄንን 150,000 ብር ነው እኔ በየቀኑ ቢሮዬ ውስጥ የማየው፣ ሰው ሁሉ ሃምሳውን ትቶ ስለዚህኛው ነው የሚከራከረው።

ተቋራጮች ደግሞ ይሄን ስሙ። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሮኪንግሃም የሚባል አውራጃ በ1924 በፈረንጅ ጥር ወር ላይ ሉተን ከሚባል ድልድይ ሠሪ ኩባንያ ጋር ድልድይ ሊያሠራ ተዋዋለ። በወሩ አስተዳደሩ ሐሳቡን ቀየረ፣ ወደ ድልድዩ የሚወስደውን መንገድ ተወው፣ ለኩባንያውም "ሥራውን አቁም፣ ውሉን ትተናል" ብሎ አሳወቀ። ይሄ ውል ማፍረስ ነው፣ አውራጃው ጥፋተኛ ነው። ኩባንያው እስከዛ ድረስ ያወጣው ወደ 1,900 ዶላር ብቻ ነበር። ምን አደረገ? መሥራቱን ቀጠለ! ድልድዩን ጨረሰው፣ መንገድ በሌለው ጫካ መሃል ድልድይ ቆመ፣ ከዛ 18,301 ዶላር ክፈሉኝ ብሎ ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈርዶለት ነበር፣ በ1929 ይግባኝ ሰሚው ግን ሻረው። አቁም ከተባልክበት ሰዓት በኋላ ያወጣኸው ወጪ ያንተ ነው፣ የምታገኘው እስከዛ ያወጣኸውንና ውሉ ቢፈጸም ታገኘው የነበረውን ትርፍ ነው አለው። አያችሁ፣ አንዳንዴ ጉዳትን መቀነስ ማለት መሮጥ አደለም፣ ማቆም ነው። ዕቃ አራግፉ፣ ሠራተኛ ወደ ሌላ ሳይት አዙሩ፣ ማሽኑን ለሌላ አከራዩ፣ ከዛ ክሰሱ።

ይሄን ስል ግን አንድ ሰው እንዳይሳሳትብኝ። ሕጉ ራስህን ጉዳ አላለም። 1802 ላይ ያለው ቃል ትልቅ ቃል ነው፣ ብዙ የማያስቸግር፣ ብዙ ወጪ የማያስወጣ። ቤትህን ሸጠህ ሌላ ዕቃ ግዛ አላለም። በማታውቀው ገበያ ገብተህ በማታምነው ሰው እጅ ገንዘብህን አኑር አላለም። ስምህን የሚያጠፋ ጥራቱ የወረደ ቡና ገዝተህ ለደንበኛህ ላክ አላለም። አስተዋይ ነጋዴ በዛ ሰዓት በዛ ቦታ የሚያደርገውን አድርግ ነው የሚለው። አድርገኸው ባይሳካልህስ? ሌላ ገዢ ፈልገህ ብታጣ፣ ያገኘኸው ዋጋ ዝቅተኛ ቢሆን? አይቆጠርብህም። የሚጠየቀው ሞክረሃል ወይ ነው። እኔ ደግሞ ደንበኛዬ ጉዳቱን ለመቀነስ ያወጣውን ወጪ ሁልጊዜ ክሱ ውስጥ አስገባለሁ፣ ምክንያቱም ያ ወጪ የመጣው በመፍረሱ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን የእህቴ ሠርግ ጊዜ ያደረገችውን ስነግራችሁ የአባቴን ታሪክ እያስታወሳችሁ ስሙኝ። ድንኳንና ወንበር በ18,000 ብር ተከራይተን፣ ሠርጉ እሁድ ነው፣ አርብ ማታ ሰውየው ደውሎ "ለሌላ ሰጥቼዋለሁ፣ ይቅርታ" አለ። ቤቱ ተናጋ። አጎቶቼ ሊደባደቡ ተነሱ። እናቴ "ቁጭ በሉ፣ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል" አለች። ስልክ ይዛ ሦስት ሰዓት ሙሉ ደወለች። አጋሮ ላይ ተገኘ፣ በ26,000፣ የመኪና ደግሞ 3,000። አስመጣች። ሠርጉ ተሠረገ። ደረሰኙን ሁለቱንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘች። ከሠርጉ በኋላ ሰውየው ጋ ሄዳ "11,000 ብር አስወጥተኸኛል፣ ይኸው" ብላ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ጠበቃ አልያዘችም፣ እኔንም አልጠራችኝም። ሰውየው ቆጥሮ ከፈላት፣ ምን ብሎ ይከራከራታል? ቁጥሩ ንጹሕ ነው፣ አንድ ብር አልተጨመረበትም።

ሦስተኛው፣ ቶሎ ልበል፣ ቡናው እየፈላ ነው መሰለኝ ሽታው መጥቷል።

ማስጠንቀቂያ። አንቀጽ 1772። ቀኑ አለፈ ተብሎ ዘሎ ክስ አይገባም፣ "ግዴታህን ፈጽም" ብላችሁ አስቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀን ቁረጡለት፣ በሦስት ቀን፣ በአምስት ቀን፣ እንደ ዕቃው ዓይነት፣ የሚበላሽ ከሆነ አጭር አድርጉት። የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ፣ ሌላው ወገን ራሱ በጽሑፍ አልፈጽምም ብሏችሁ ከሆነ፣ ወይም ነገሩ ከዛ ቀን ካለፈ የማይረባ ከሆነ፣ ልክ እንደ እናቴ ድንኳን፣ ሰኞ የሚመጣ ድንኳን ምን ይሠራል? ወይም ውላችሁ ላይ ቀኑ ካለፈ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ብላችሁ ከተስማማችሁ። ሌላው ጊዜ ሁሉ ስጡ፣ ስጡ፣ ስጡ። ዕዳው ገንዘብ ከሆነ ደግሞ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብላችኋል፣ ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልጋችሁ፣ ስለዚ ማስጠንቀቂያ የሰጣችሁበት ቀን ገንዘብ ነው።

ከዛ ደግሞ የሞከራችሁትን መዝግቡ። ለማን ደወላችሁ፣ ስንት አላችሁ፣ የዛን ቀን ገበያው ስንት ነበር፣ ከሌላ ስትገዙ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም መልእክት እንዳይጠፋ። የቡና ሰዎች የዋጋ ማስረጃ ማግኘት ለናንተ ከሌላው ይቀላል፣ የዕለቱን ዋጋ የዛኑ ቀን ያዙት፣ በዓመቱ ሲፈለግ አይገኝም።

ጨርሻለሁ ልል ነበር፣ ግን እዚያ ጋ ሐጂ እጃቸውን አንስተዋል፣ ይጠይቁ አባቴ።

(ጥያቄያቸው፦ "ያ ቡናዬን እምቢ ያለው ሰው ራሱ በሳምንቱ ተመልሶ በወረደ ዋጋ ልግዛህ ቢለኝስ? ለበዳዬ ልሽጥለት?")

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ሐጂ፣ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም እስካሁን። ልቤ የሚለኝን ሳይሆን ሕጉ የሚያመራበትን ልንገርዎት። መጀመሪያ ሌላ ገዢ ይፈልጉ፣ በተሻለ ዋጋ ከተገኘ እሱን ትተው ለዚያ ይሸጣሉ። ካልተገኘ፣ ቡናው እየተበላሸ ከሆነ፣ ሰውየው የሚሰጠው ዋጋ የገበያው ዋጋ ከሆነና ገንዘቡን በእጅዎ ካስቀመጠ፣ መሸጡ መብትዎን መተው አደለም። ግን እንዲህ ብለው ጽፈው ያስፈርሙት፦ "ይህን የሸጥኩት ጉዳቱን ለመቀነስ ነው፣ በፊተኛው ውል ያለኝ የልዩነቱ ጥያቄ እንደተጠበቀ ነው"። ይቺ ዓረፍተ ነገር ከሌለች ግን በኋላ "ተስማምተን አዲስ ዋጋ አደረግን" ይልዎታል፣ ያኔ ያስቸግራል። አልፈርምም ካለስ? እንግዲህ ልዩነቱን ሊያስቀርብዎት ፈልጎ ነው ማለት ነው፣ ያኔ አይሽጡለት፣ ጎረቤት አልጋ ይፈልጉ፣ ያስጡት።

አባቴ ይሄን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ፣ ጎረቤቱ እኮ ነግሮት ነበር።

ውል ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ አይቻለሁ፣ ፌስታል ውስጥ ያስገባችሁት። ቡናው ሲቀዳ እኔ እዚያ በመስኮቱ በኩል ያለችው ጠረጴዛ ላይ ነኝ፣ አንድ በአንድ እናየዋለን፣ መጀመሪያ የሚበላሽ ዕቃ ያለው ይምጣ።